ሐጃ የመረጡት ሬዲዮ

የሐጃ ሬዲዮ የሞተው ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። ፀሐይ ስትገባ ለሚሰገደው ለመግሪብ ሶላት ሊታጠቡ ተቀምጠው፣ የሚሰሙት ነገር ማለቂያው ላይ ስለነበር ማዳመጫውን ሳያወልቁ ትንሽ ጠበቁ። ያኔ ሬዲዮው ከጭናቸው ተንሸራቶ ውሃ የሞላው ሳፋ ውስጥ ገባ። ከኩሽና ሮጬ ስደርስ ማዳመጫው ገና ጆሯቸው ላይ ነበር። አልጮኹም፣ አላማረሩም።

«ዝም አለ» አሉኝ፣ ስለ ሰው እንደሚናገሩ ሁሉ።

ሐጃ የማዳም እናት ናቸው። ከዱባይ ብዙ በማትርቀው አጅማን ውስጥ፣ ከባሕሩ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ባለ ቤት ውስጥ አምስት ዓመት አብሬያቸው ኖሬያለሁ። ማዳም ስትቀጥረኝ ምግብ ለማብሰልና ቤት ለማጽዳት ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን ዋናው ሥራዬ ሐጃ ሆኑ። ዐይናቸው ቀስ በቀስ እየደከመ ሄዶ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያል። ጆሯቸው ግን ከማናችንም ይበልጣል። ግቢው ውስጥ ከሎሚው ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ የወደቀውን ማንኪያ ከየትኛው ጠረጴዛ እንደወደቀ ይናገራሉ። ቤቱ በልጅ ልጆች የተሞላ ነው። አንዱ ቴሌቪዥን ይከፍታል፣ አንዷ በስልኳ ትዘፍናለች፣ ሌላው ኳስ ከግድግዳ ያላትማል። ስለዚህ ሐጃ ማዳመጫቸውን ያደርጉና የራሳቸው ጸጥታ ውስጥ ይገባሉ። ያቺን የኪስ ሬዲዮ በአውራ ጣታቸው ያውቋታል። ማዞሪያዋን እስከ ጥግ መልሰው፣ ከዚያ ሁለት ጥፍር ያህል ሲያንቀሳቅሱ ቁርኣን የሚቀራበት ጣቢያ ነው። ሌላ አንድ ጥፍር ሲጨምሩ የድሮ የበረሃ ግጥም የሚያነበው ሰውዬ ይመጣል።

ማዳም እናቷን ትወዳለች። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ፣ ሲያናግሩት የሚመልስ ክብ ሳጥን ይዛ መጣች።

«የፈለግሽውን ጠይቂው፣ ያመጣልሻል» አለቻቸው።

ሐጃ ሳጥኑን በመዳፋቸው ዳበሱትና ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «እኔ የምፈልገው ሳልጠይቀው የሚናገረኝን ነው» አሉ።

ማዳም ተነፈሰች። ወደ እኔ ዞራ፣ «እሑድ ዕረፍትሽ ነው አይደል? ዱባይ፣ ሳትዋ ሰፈር የሚጠግን ሰው አይጠፋም። ያላ፣ ይዘሽው ሂጂ» አለችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሞተችውን ሬዲዮ በትንሽ ፎጣ ጠቅልዬ ወደ ዱባይ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጠዋቱ ጉም ነበር። ክረምታቸው ሲያልቅ እንዲህ ያለ ጉም ከባሕሩ ይወጣና ፎቆቹን ከወገባቸው በላይ ይውጣቸዋል። ሻርጃን ስናልፍ የማየው ሁሉ በህልም ውስጥ እንዳለ ነገር ነበር፤ መኪኖቹ ድምፅ የላቸውም፣ መብራቶቹ የታጠቡ ይመስላሉ። ፎጣውን ጭኔ ላይ አድርጌ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ።

ሳትዋ ከልብስ ሰፊዎቹ ሱቆች መሃል፣ ሁለት ሰው የማያስገባ ጠባብ ሱቅ አገኘሁ። ጠጋኙ ጸጉሩ መሸበት የጀመረ ህንዳዊ ነው። ሬዲዮዋን ከፈታት፣ በአጉሊ መነጽር አየና እንደ ሽቶ አሸተታት።

«ኸላስ፣ አልቆላታል» አለኝ። «ውሃው አይደለም የገደላት። ባሕር ዳር የኖረ ሬዲዮ ጨው ይበላዋል። ውሃው ሰበብ ነው።»

ፊቴ ላይ ምን እንዳየ አላውቅም፣ ከመደርደሪያው ሦስት አዳዲስ የኪስ ሬዲዮዎች አውርዶ ፊቴ ደረደራቸው። ቀዩ የልብስ ሳሙና የሚያክል ነው፣ ጣቢያ ራሱ እየፈለገ ይቆማል። ጥቁሩ ወፈር ይላል፤ የሚመዘዝ ረጅም አንቴናና አጭር ሞገድ አለው። ግራጫው ጌጥ የለውም፤ በአውራ ጣት የሚንቀሳቀስ ማዞሪያና የማዳመጫ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው።

አንዱን ማዳመጫ ከሦስቱም ላይ እየነቀለ እየሰካ አሰማኝ። ለእኔ ሦስቱም አንድ ነበሩ። እንዲያውም ቀዩ ጮክ ስለሚል የሚሻል መሰለኝ፤ ነገርኩት።

ሳቀብኝ። «ሁሉም ሰው መጀመሪያ እንደዚያ ይላል። ዘፈኑን አትስሚ። ተናጋሪው ለመናገር አየር ሲስብ፣ እሱን ስሚ። ትንፋሹ የሚሰማበት ሬዲዮ ጥሩ ሬዲዮ ነው።»

ዐይኔን ጨፍኜ እንደገና ሰማሁ። በቀዩ ትንፋሽ የሚባል ነገር የለም፤ ቃል በቃል ላይ ይደራረባል። በጥቁሩ ትንሽ አለ። በግራጫው አንዲት ሴት ከንፈሯን ስትከፍት ሁሉ የሰማሁ መሰለኝ።

«የቱን ልውሰድ ታዲያ?»

«ሱቅ ውስጥ ሁሉም ሬዲዮ ጎበዝ ነው» አለኝ። «ወሳኙ ሴትየዋ የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ሦስቱንም ውሰጂና እዚያው ፈትኚ። ለሚቀጥለው እሑድ የቀሩትን መልሺልኝ።»

«አታውቀኝም እኮ!»

«የሞተ ሬዲዮ በፎጣ ጠቅልሎ የመጣ ሰው ዕቃ ይዞ አይጠፋም» አለና አንዱን ቀዳዳ ለሁለት የሚከፍል አጭር ገመድ ጨመረልኝ። «በዚህ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ትሰማላችሁ። ያለዚያ ሙግቱ አያልቅም።»

እውነቱን ነበር። ያ ሳምንት የሙግት ሳምንት ሆነ። ከዐሥር ሰዓት በኋላ ጥላው ግቢውን ሲሸፍን፣ ሐጃ ወንበራቸው ላይ እኔ መሬት ላይ ምንጣፍ ዘርግቼ፣ ሁለት ማዳመጫ ከአንድ ሬዲዮ ላይ ሰክተን እንቀመጣለን። ማዳመጫው ራሱ አንቴና እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ገመዱ ከተጠቀለለ ድምፁ ይሰምጣል፣ ከተዘረጋ ይነሳል። ስለዚህ ተነስቼ ገመዱን በሎሚው ቅርንጫፍ ላይ አሳልፈዋለሁ፣ ወደ ግራ እስበዋለሁ፣ ወደ ቀኝ እስበዋለሁ።

«አሁንስ?»

«ትንሽ ወደ ባሕሩ» ይላሉ ሐጃ። «እዚያ... ተይው። እንዳትነኪው! መረብ ጥሎ ዓሣ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም በይ።»

ቀዩን በአንድ ቀን ጣሉት። «ይህ ሰውዬ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያወራው» አሉ። ደግሞም ጣቢያ ራሱ ስለሚመርጥ እሳቸው ቁርኣን ሲፈልጉ እሱ ጮክ ወዳለው ዘፈን ይዘላል። «የማይታዘዝ አህያ!» ብለው መለሱልኝ። ጥቁሩንና ግራጫውን ግን እየቀያየሩ ለረጅም ጊዜ ሰሙ። ጥቁሩ ጥሩ ነው፣ ይከብዳል፣ ቁልፉ በዛ፤ ግራጫው ቀለል ይላል፤ ነገ ደግሞ እንየው አሉ።

በማግስቱ ልብስ ላወርድ ወደ ጣሪያው ስወጣ ጥቁሩን በኪሴ ይዤ ነበር። ፀሐይ ገብታለች፣ ባሕሩ ከሰማዩ ጋር ተቀላቅሎ የት እንደሚያልቅ አይለይም። አንቴናውን መዘዝኩ፣ ማዳመጫውን አደረግሁ፣ አጭር ሞገዱን ከፍቼ ቀስ ብዬ ማዞር ጀመርኩ። ፉጨት፣ እንደ ዘይት ጥብስ ያለ ንጭጭታ፣ የቻይና ይሁን የምን የማላውቀው ቋንቋ፣ ከዚያ ጸጥታ። ከጸጥታው ሥር፣ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ውሃ፣ የሴት ድምፅ እየቀረበ መጣ።

«...ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል።»

አማርኛ ነው። የያዝኩት አንሶላ ከእጄ ወደቀ። ስልክ አለኝ፣ በስልክ ከእናቴም ከእኅቴም ጋር እነጋገራለሁ፣ የፈለግሁትን ዘፈን እሰማለሁ። ይህ ግን ሌላ ነበር። ማንም አልጠራኝም፣ እኔም ማንንም አልጠራሁም፤ አየሩ ላይ ሲሄድ አገኘሁት። እኔ ጋ ፀሐይ ገብታ እሷ ጋ ገና አልገባችም። ቢቸና፣ እናቴ ቤት ደጃፍ ላይ፣ የአሁኑ ብርሃን ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ፤ ቢጫ ሆኖ በግድግዳው ላይ ይዘረጋል። ድምፁ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሳሳል፣ ይወፍራል። ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ነበር የምታወራው፤ እኔ ግን ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጥቁሩ ከዚያ ቤት እንዳይወጣ ፈለግሁ። ሐጃ ከመረጡት እዚያው ይኖራል፤ እሳቸው ከሰዓት በኋላ ሲተኙ ወይም ሲሰግዱ እኔ እሰማዋለሁ። ይህን ያህል ነበር ሐሳቤ። ለራሴም ተንኮል አልመሰለኝም።

ረቡዕ ሐጃን፣ «ነፋስ አለ፣ ግራጫውን ከውስጥ እንሞክረው» ብዬ ከፍሪጁ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ፍሪጅ አጠገብ ሬዲዮ እንደሚንጫጫ ደርሼበት ነበር። የስልኬንም ቻርጀር አጠገባቸው ሰካሁት። ጥቁሩን ግን ነፋሱ ተረሳኝና ከሎሚው ሥር፣ ገመዱን ዘርግቼ፣ ጥሩ አድርጌ አሰማኋቸው። ሐሙስም እንዲሁ አደረግሁ። ሐጃ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ጠሩኝ።

«ያ ብንቲ፣ ልጄ፣ ነይ ተቀመጪ። ግራጫው ምን አደረገሽ?»

«ምንም ሐጃ።»

«ታዲያ ለምን ፍሪጅ አጠገብ ታስሪዋለሽ?»

ደሜ ወደ ፊቴ ወጣ።

«ዋላሂ፣ የታወረው ዐይኔ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «ፍሪጁ ሲነሳ ሬዲዮው ያጉረመርማል፣ ፍሪጁ ሲያርፍ እሱም ያርፋል። ሁለት ቀን ሰማሁት። ሙሽኪላሽ፣ ችግርሽ ምንድን ነው? ንገሪኝ።»

መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳቸው። ጣሪያውን፣ አንሶላውን፣ ሴትየዋን፣ ገና ያልገባችውን ፀሐይ። ዐረብኛዬ ለእንዲህ ዓይነት ነገር አይበቃም፤ የሥራ ዐረብኛ ነው፣ እጠቢ፣ አምጪ፣ ተቃጠለ የሚል። ግን እንዳልኩ አልኩ። ሐጃ እስክጨርስ ጠበቁ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ለማዳም ቢነግሯትስ ብዬም ፈርቼ ነበር።

«ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» አሉኝ።

«ከመግሪብ በኋላ።»

«እንግዲያው ከሶላት በኋላ ታስወጪኛለሽ።»

ሐጃ ጣሪያውን ከረገጡ ዓመታት አልፈዋል። ግራ እጃቸው ትከሻዬ ላይ፣ ቀኛቸው ግድግዳው ላይ፣ በየደረጃው እያረፍን ወጣን። አንዱ የልጅ ልጃቸው ከታች አይቶ «ያዳ፣ አያቴ፣ ወዴት ነው?» ሲል፣ «ወደ ሐበሻ አገር» ብለው መለሱለት። በተገለበጠ የልብስ ቅርጫት ላይ አስቀመጥኳቸው። ነፋሱ ጥቁር ሻሻቸውን ያነሳና ያስተኛዋል። ሁለቱን ማዳመጫ ሰካሁ፣ አንቴናውን መዘዝኩ፣ ፈለግሁ። ለረጅም ጊዜ ንጭጭታ ብቻ ነበር። ከዚያ የወንድ ድምፅ መጣ።

ሐጃ ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ። «ምን ይላል?»

«ስለ አየሩ ነው። በጎጃምና በወሎ ከፍተኛ ቦታዎች ቀላል ዝናብ ይጠበቃል ይላል።»

«ዝናብ!» አሉ። እዚያ አገር ዝናብ እንደ እንግዳ ነው፤ በዓመት ጥቂት ቀን ሲመጣ ልጆች መንገድ ላይ ይጨፍሩለታል። «ያንቺ ቤትም ላይ?»

«ምናልባት።»

«አላህ ይጨምርላችሁ።»

ከዜናው በኋላ ማሲንቆ ተመታ። ሐጃ መዳፋቸውን አነሱ፣ እንዳልናገር። ድምፁ ሲሳሳ ፊታቸው አብሮት ይከተላል፣ ሲመለስ እሳቸውም ይመለሳሉ። «ይህ ረባባ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ባለ አንድ ክር። አባቴ ነበረው። የኛ ነው።»

«የኛም ነው» አልኳቸው።

«እሺ፣ የሁላችንም ይሁን።» ሳቁ። ሰማዩ ጠቁሮ ድምፁ ንጭጭታው ውስጥ ሟሙቶ እስኪጠፋ ድረስ ተቀመጥን፤ ከጠፋ በኋላም ማዳመጫውን ሁለታችንም ቶሎ አላወለቅነውም።

ቅዳሜ ፈረዱ። ግራጫውን ከሎሚው ሥር፣ ገመዱ ተዘርግቶ፣ ከፍሪጅም ከቻርጀርም ርቆ ሰሙት። ቁርኣን የሚቀሩት ሼክ ከአንዱ አንቀጽ ወደ ሌላው ሲያልፉ አየር የሚስቡት ተሰማ። እኔም ሰማሁት። «ይህ ነው የኔ» አሉ ሐጃ። «ጥቁሩ ያምራል፣ ግን የመንገደኛ ሬዲዮ ነው። ድምፁ እንደሄደ ነው። እኔ ደግሞ የትም አልሄድም፤ አጠገቤ ቁጭ የሚል ያስፈልገኛል።»

እሑድ ሳትዋ ተመልሼ ለጠጋኙ ሁሉንም ነገርኩት፣ የፍሪጁን ነገር ጭምር። ተናድዶብኝ ይሆናል ስል እሱ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ጠጋ አለኝ።

«ጥቁሩንስ ፍሪጁ አጠገብ ሞከርሽው?»

«አልሞከርኩትም።»

ከሱቁ ጥግ ያለችውን ትንሽ የመጠጥ ማቀዝቀዣ አሳየኝና ሁለቱን አንድ ላይ ሞከርን። ግራጫው አጉረመረመ፤ ጥቁሩ ግን ጮኸ፣ ቃል አይለይም። ለማሸነፍ ብዬ የሠራሁት ተንኮል፣ በሐቅ ለሁለቱም ብሠራው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ሐጃን ግራጫውን ያስመርጣቸው ነበር። ሁለታችንም እስክንደክም ሳቅን። ለእናቴ ልልክላት ያሰብኩትን የነጠላ መግዣ ለፋሲካ አሸጋግሬ ጥቁሩን ለራሴ ገዛሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ሲታሰቡኝ እንደ አንድ ረጅም ምሽት ናቸው። ረመዳን ውስጥ ለማፍጠሪያው ሾርባና ሳምቡሳ ስሠራ ጊዜ አልነበረኝም፤ ዒዱ ካለፈ በኋላ ግን ሥራዬ ሲያልቅ ሐጃ ግራጫቸውን፣ እኔ ጥቁሬን ይዘን፣ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። እሳቸው አንድ ዓለም፣ እኔ ሌላ ዓለም። አንዳንዴ እጃቸውን ይዘረጉና እንቀያየራለን፤ የማይገባቸውን አማርኛ እየሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አንድ ቀን ማዳም መጥታ እላያችን ላይ ቆመች። ሁለታችንም ማዳመጫ አድርገናል፣ ሁለታችንም ዐይናችንን ጨፍነናል።

«ይህ ምንድን ነው? ሹግል የለም እንዴ?» አለችኝ።

ተስፈንጥሬ ልነሳ ስል ሐጃ ጉልበቴን ያዙ። «ሥራ ላይ ናት» አሏት። «የአገሯን ወሬ እየነገረችኝ ነው። የናንተን ወሬ እንደሆነ ጠግቤዋለሁ።»

ማዳም ሁለታችንን አየችንና ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለአፍታ ብቻ ነበር። ስልኳ ጠራና ተነሳች።

ውሌ ሲያልቅ ዱባይ፣ ኡድ ሜታ ሰፈር አንድ ክሊኒክ ውስጥ የጽዳት ሥራ አገኘሁ። ሐጃ ሲሰሙ «መልካም ነው» ብለው እጄን ለረጅም ጊዜ ይዘው ቆዩ። አሁን የምኖረው ሻርጃ፣ አል ተዓውን ነው፤ ስድስት ሴቶች ባለንበት ክፍል ውስጥ አንድ ቢድ ስፔስ፣ የአንድ አልጋ ቦታ አለኝ። እዚያ ጥቁሩ ሬዲዮ ምንም አይሰማም። ግድግዳው ሁሉ ብረትና ሲሚንቶ ነው፣ በየአልጋው ራስጌ ቻርጀር ተሰክቷል፣ ኤሲው አያርፍም። አንቴናውን በመስኮት አውጥቼ፣ ሽቦ ጨምሬ፣ ከመጋረጃው ብረት ጋር አስሬ ሞከርኩ፤ የሰማሁት የጎረቤቶቼን ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ዕረፍት ባለኝ ቀን፣ አመሻሽ ላይ፣ ወደ ውሃው ዳር እወርዳለሁ። ከድንጋዮቹ ላይ ተቀምጬ አዞራለሁ። አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን አይመጣም። ሲመጣ አብራኝ የምትኖር የጎንደር ልጅ አንዱን ጆሮ ትወስዳለች፣ እኔ ሌላውን፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን፤ የሚያልፉት ሰዎች እኅትማማቾች እንመስላቸዋለን።

ባለፈው ዒድ ሐጃን ለማየት አጅማን ሄድኩ። ማዳም በሩን ከፈተችልኝና አቀፈችኝ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ አድርጋው አታውቅም። «አሁን አሁን ጆሯቸውም ደክሟል» አለችኝ በሹክሹክታ። «አንዳንዴ ሰው አይለዩም።»

ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። ሰላም ስላቸው ወደ ድምፄ ዞሩ፣ ግን ፊታቸው ላይ ምንም አልመጣም። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ከዚያ እጃቸው እየዳበሰ እጄን አገኘው፤ ከመዳፌ ጀምሮ ጣቶቼን አንድ በአንድ ነካካቸው።

«እጅሽ ሻክሯል» አሉኝ። «ያ ክሊኒክ ምን እያሳጠበሽ ነው?»

ሳቅኩ፣ ዐይኔም እንባ ሞላ። ስለ ክሊኒኩ ነገርኳቸው፣ ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ስለ ሐኪሞቹ፣ ስለ ረጅሙ ኮሪደር፣ ስለ ሜትሮው። ግማሹን ሳልጨርስ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እጃቸው ግን አልለቀቀኝም። ጥላው ከግድግዳው ወርዶ እግራችንን እስኪያለብሰን ድረስ እንዲሁ ተቀመጥኩ። አውቶቡሴ ሊደርስ ሲል ጣቶቻቸውን ቀስ ብዬ ፈትቼ ተነሳሁ። ማዳም በከረጢት ተምር ሞልታ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ።